ባጃጅ የገባበት መሐላ

«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ባየሁ ቁጥር የተቀመጥኩበትን ወንበር ትንሽ ወደፊት እጎትታለሁ። ሰው አይደለሁ? እውነት ሲባል መቼም ይጓጓል። ቆይቼ ሳስበው ግን «የተመሠረተ» የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። እዚህ ሆሳዕና ውስጥ በየመንገዱ ዳር መሠረታቸው ወጥቶ፣ ብረታቸው ወደ ሰማይ ተቀስሮ የቀሩ ቤቶች ሞልተዋልና ስለ መሠረት ማንም አያስተምረንም። መሠረት ማለት ቤቱ ካለቀ በኋላ የማይታየው ነው። ቀለም የሚቀባው ግድግዳው፣ መጋረጃ የሚሰቀልለት መስኮቱ፤ መሠረቱ ግን ሁሉን ተሸክሞ ከአፈር በታች ዝም ይላል። እንግዲህ በእውነት ላይ የተመሠረተ ድራማ ማለት እውነቱን ከታች ቀብሮ ከላይ ፎቅ ያወጣ ድራማ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ከተሳሳትኩ አርሙኝ። እኔ የአማርኛ መምህር እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም።

ይህን የምላችሁ ደግሞ ዳር ቆሜ እንዳይመስላችሁ። ኪነ ጥበቡ ውስጥ ገብቼ የወጣሁ ሰው ነኝ። ማስረጃ አለኝ፤ «የአካባቢ አማካሪ» የሚል፣ በሰማያዊ ገመድ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ሳሎናችን ውስጥ ከሠርግ ፎቶአችን አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቴ «እሱን ነገር አውርደው» ካለችኝ ቆየች። እያሰብኩበት ነው።

ታሪኩ የናትናኤል ነው። ናትናኤል የሰፈራችን ልጅ፣ ባጃጅ ነጂ ነበር። ሕመምተኛ የጫነ እንደሆነ ጉድጓዱን እየመረጠ፣ አንዳንዴም ጉድጓዱን ሊዞር የሰው ደጅ እየገባ የሚነዳ ልጅ። አንድ የበጋ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ተሳፋሪ ጭኖ በአንጋጫ መንገድ ወጣ፤ አልተመለሰም። በማግስቱ ከባሕር ዛፉ በታች ወንዙ ዳር ተገድሎ ተገኘ። ባጃጁም እዚያው ቆማለች። ቁልፏ እንኳ አልተነቀለም። ስለዚህ ሌባ አይደለም ተባለ። ሌባ ካልሆነ ማነው? እዚህ ላይ ሲደርስ ከተማው ሁሉ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመረ።

እህቱን ሲስተር ማርታን የማያውቅ የለም። ነርስ ናት። ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ናትናኤልን ያሳደገችው እሷ ናት፤ የዚህ ከተማ ሰው ደግሞ ግማሹ ክንዱን፣ ግማሹ ሌላ ቦታውን ገልጦ በእጇ ተወግቷል። እኔና እሷ አብረን ነው የተማርነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌዋን ይዛ የሚመጣውን ሁሉ ያንኑ ትጠይቃለች። «ወንድሜ የጫነውን የመጨረሻ ተሳፋሪ አይተኸዋል?» ትላለች በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ። መርፌ የተደገነበት ሰው ብዙ ነገር ይናዘዛል፤ ይህን ግን አንድም ሰው አልተናዘዘም። እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር። ክሱ በኋላ፣ ካሳው በኋላ። የዚያን ሰው ስም አንድ ሰው በሰው ፊት አንዴ እንዲጠራላት።

ለእንዲህ ያለ ነገር አገሩ ደንብ አለው። ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር ሽማግሌ ሰፈሩን ሰብስቦ ሣር ላይ ያስቀምጥና አንድ በአንድ ያስምላል። «አይቼ አላየሁም ብል የዘራሁት አይብቀል፣ የወለድኩት አይደግ፣ ደጄን የሚከፍት አይገኝ።» ይህን ምሎ የዋሸ ሰው በሀዲያም በከምባታም አለ ሲባል አልሰማሁም፤ ኖሮም ከሆነ ለማውራት አልቆየም። ሲስተር ማርታ ይህ ይደረግልኝ ብላ ለመነች። አንድ ኃላፊ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ «ጉዳዩ በሕግ የተያዘ ስለሆነ ባህላዊውን ቆይተን እናየዋለን፤ ለጊዜው ስብሰባ እንጥራ» አሏት። ስብሰባ ተጠራ። አዳራሽ ውስጥ፣ በፕላስቲክ ወንበር፣ የታሸገ ውኃ ቀርቦ። አጀንዳ አንድ ሰላምና ጸጥታ፣ አጀንዳ ሁለት የናትናኤል ጉዳይ፣ አጀንዳ ሦስት ልዩ ልዩ። ሁላችንም ተናገርን። ድርጊቱን አጥብቀን አወገዝን። እኔ በበኩሌ ሁለት ጊዜ አወገዝኩ። ሐንዲሶ ጎሚስታው፣ በአንጋጫ መገንጠያ ላይ ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ፣ ኋላ ተቀምጦ ከጥፍሩ ሥር ጥቁሩን ሲያወጣ ዋለ። ስብሰባው በጭብጨባ ተዘጋ።

ከዚያ እንግዲህ ድራማው መጣ። ከአዲስ አበባ፣ ባለ አራት ክፍል፣ አጭር ተከታታይ። ዳይሬክተሩ ሮቤል ይባላል፤ ትሑት ልጅ ነው፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሳይሆን ጭንቅላቱ ላይ ያደርጋል። ሲስተር ማርታን ለማስፈቀድ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ረጅም ነገር አልጠየቀችውም።

«ወንድሜን መልአክ አታድርጉት፣ ይሳደብ ነበር» አለችው። «ሙዚቃም አታብዙበት። የመጨረሻው ተሳፋሪ ማነው ብላችሁ ብቻ በቴሌቪዥን ጠይቁልኝ።»

ሮቤል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃል ገባ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የኪነ ጥበብ ሰው እንዲህ ነው፤ ቃሉን ባይጠብቅ እንኳ ሲገባ ከልቡ ነው።

ከተማውም ከልቡ ተባበረ። ከሁሉ በላይ የተባበረው ግን ቢኒያም ነው። ቢኒያም የአገሩ ልጅ፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ሱቁ እዚያው የአንጋጫ መገንጠያ ላይ ነው፤ ሐንዲሶም ጎማ የሚጠግነው የሱቁን ግድግዳ ተደግፎ ነው። ለቀረጻው ቡድን ሚኒባሱን ሰጠ፣ በየቀኑ ምሳ አበላ። ኪነ ጥበብ እንደሚወድ እስከዚያ ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር።

የመሐላው ትዕይንት በሚቀረጽበት ቀን ነው ነገሩ የሆነው። በድርሰቱ ውስጥ ሰፈርተኛው ሣር ላይ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌው ያስምላል፣ ሁሉም «አላየሁም» እያለ ያልፋል፣ ከዚያ ካሜራው እህት ሆና የምትሠራዋ ተዋናይት ጉንጭ ላይ የሚወርደውን እንባ ይከተላል። ሽማግሌ ሆኖ የሚሠራ ሰው ከአዲስ አበባ አምጥተዋል፤ ጢሙ ግን በሙጫ የተለጠፈ ስለነበር ፀሐዩ ሲበረታ አንድ ጎኑ ተነሥቶ እንደ መጋረጃ ይወዛወዝ ጀመር። ይሄኔ የአማካሪነት ሥራዬን ሠራሁ። «እውነተኛ አስማይ ሽማግሌ ጎረቤቴ ሆኖ ጢም የሚለጠፈው ለምንድነው?» አልኩት። ሮቤል አቀፈኝ። «ሊቅ ነህ» አለኝ። ይህችን ቃል በጥንቃቄ አስቀምጫታለሁ።

ጋሽ ሎዳሞን ከቤታቸው አመጣናቸው። ሮቤል ሲያስረዳቸው በዱላቸው ተደግፈው እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ልጄ» አሉት፣ «እኔ ማስማል ነው የማውቅ። ማስመሰል አላውቅም።»

«እሱን ነው የምፈልገው አባቴ። ልክ እንደ እውነቱ ይሁን።»

«ሌላማ የለም» አሉ።

ሰፈርተኛውም እንደ እውነቱ ነበር። ያው አዳራሽ ውስጥ ያወገዝነው ሰዎች ነን፤ አሁን ሣር ላይ ነን። ሲስተር ማርታ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። ጸጥታ ለማስከበር አንድ እውነተኛ ፖሊስ ተመድቦ ነበር፤ ነገር ግን የደንብ ልብሱ የነተበ ስለሆነ ከተዋናዩ ፖሊስ ጎን ሲቆም ሐሰተኛ ይመስላል ተብሎ ከካሜራው እይታ እንዲወጣ ተጠየቀ። ቅር ሳይለው ወጥቶ የተጠበሰ በቆሎ ሊገዛ ሄደ። ቢኒያም የዳይሬክተሩ ወንበር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል።

«አክሽን» ተባለ።

ጋሽ ሎዳሞ ተነሡ። ዱላቸውን ዘርግተው በሀዲይኛ ጀመሩ። ቃሉን ልተረጉምላችሁ እችላለሁ፤ ድምፁን ግን አልችልም። ካሜራውን የት እንዳለ የረሱት ይመስለኛል። እኛም ረሳነው። አጠገቤ ሲስቅ የነበረው ሰውዬ እግሩን ሰበሰበ። አንድ በአንድ ተነሣን፣ ማልን፣ «አላየሁም» አልን። እኔም አልኩ፤ የዚያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ሥርዓተ ነጥብ ሳስተምር። ያላዩት ሰዎች ሐሳባቸው ቀሎ እየተቀመጡ ተራው ሐንዲሶ ጋ ደረሰ።

ሐንዲሶ ተነሣና ዝም አለ። ሮቤል በሹክሹክታ «እንዴት ያለ ዝምታ ነው» አለ በደስታ። ከዚያ ሐንዲሶ በሀዲይኛ ተናገረ። እንዲህ ነው ያለው፦

«የዚያን ቀን ቦታዬ ላይ ነበርኩ። ናትናኤል ጎማ አስነፍቶ ቆሟል። ቢኒያም ከሱቁ ወጣና ተሳፈረ። በአንጋጫ መንገድ ሄዱ። ሥራ ልዘጋ ስል ቢኒያም ብቻውን በእግሩ ተመለሰ። ጫማው ጭቃ ነው። ዝናብ አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን ጭቃ ያለው ወንዙ ዳር ብቻ ነው። ‹ጋሼ ሐንዲሶ፣ ውኃህን ላንዴ› ብሎ ጎማ የምነክርበት ገንዳ ውስጥ ጫማውን አጠበ። አመሰገነኝ። ምንም አይደል አልኩት። በማግስቱ ልጁ ሲገኝ ገንዳውን ደፋሁት። ያየሁት ይሄ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ጃንጥላው ዞረ። ቢኒያም ያልጠራ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «ሄሎ፣ አይሰማም» እያለ ተነሥቶ ወደ ሚኒባሱ ሄደ።

ሲስተር ማርታ አላለቀሰችም። ተነሥታ፣ ልክ ሕመምተኛ እንደምትጠይቅ፣ «ሲሄዱ ናትናኤል ይስቅ ነበር?» አለችው።

«ይስቅ ነበር» አለ ሐንዲሶ።

«ከት!» አለ ሮቤል። እውነተኛዋ እህት ካሜራ ውስጥ ገብታበታለች። ሀዲይኛ ስለማያውቅ ወደ እኔ ዞሮ «ምንድነው ያለው?» ሲለኝ አማካሪ ነኝና አማከርኩት። «ረዘም ያለ ነገር ነው» አልኩት። «ባጭሩ፣ አይቻለሁ ነው ያለው።»

«ስክሪፕቱ አላየሁም ነው የሚለው» አለ። የድምፅ ባለሙያው ደግሞ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ከንግግሩ መሐል የባጃጅ ድምፅ እንደገባ፣ ለምንም እንደማይሆን ተናገረ። «እንደግመዋለን» አለ ሮቤል።

«ምን ይደገማል?» አለ ሐንዲሶ። «ምዬ ተናገርኩ እኮ።»

«በጣም ጎበዝ ነህ ጋሼ። አንዴ ብቻ ድገምልኝ፣ በአማርኛ፣ አጠር አድርገህ።»

ሐንዲሶ ግራ ገብቶት ጋሽ ሎዳሞን አየ። እሳቸው ዱላቸውን አንሥተው መሄድ ጀምረዋል። «ቃሉ ወጥቷል» አሉ ሳይዞሩ። «የወጣ ቃል አይደገምም። የቀረው የእናንተ ነው።»

የቀረው የእኛ ነበር። ጢሙ እንደገና በሙጫ ተለጠፈ። መብራት የሚይዘው ልጅ በሐንዲሶ ቦታ ተቀመጠ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሽማግሌ አስማሉን፣ እኛም ከዳር እስከ ዳር «አላየሁም» አልን። አንድም ሰው አልተሳሳተም። ሮቤል በአንዴ የተሳካ ትዕይንት በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅ ነገረን። ልምምድ እንዳለን ከየት ይወቅ?

ሲስተር ማርታ ከዚያው ወደ ፖሊሱ ሄደች። በቆሎውን እየበላ አልሰማም፤ ጥፋቱም አይደለም፣ አውጥተውታል። ጣቢያ ስትሄድ በጨዋ ደንብ አስተናገዷት፤ ድራማ ላይ የተባለ ነገር ቃል ስለማይሆን ሰውዬው ራሱ መጥቶ ይናገር አሏት። ሐንዲሶ ዘንድ ሄደች። እኔም ተከተልኳት፤ አማካሪ ነኛ።

ጎማ እየነከረ ነበር። ገንዳው አዲስ ነው።

«ጣቢያ ሄደህ ድገምልኝ» አለችው።

«ሲስተር፣ ሰው ሁሉ ሰማ አይደል? እኔ ላይ የነበረው ወርዷል። እንቅልፍም መጥቶልኛል።»

«እኔ ላይ ነው የወረደው።»

ሐንዲሶ ጎማውን አዟዟረና አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በጣቱ ያዘ። «እዚያ የሚያስምለኝ ማነው? ሳልምል ብናገር ነገ አላልኩም እላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ» አለ። ቀጥሎ በአገጩ ወደ ኋላው አመለከተ። «ደግሞ ይሄ ግድግዳ የማን ነው ሲስተር?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ላይ የወደቀው ትንሽ ነገር ነው፤ የተቀረጸውን ቁራጭ ከሮቤል አስልክልኝ ብቻ አለችኝ። ደወልኩለት፤ ኤዲቲንግ ገብቷል አለ። ደግሜ ደወልኩ። ባጃጅ ስለገባበት ከካሜራው ካርድ ላይ ተሰርዟል አለኝ፤ ለጀምበር መጥለቂያዋ ቀረጻ ቦታ አንሷቸው ነው። ሥራው ሲተላለፍ እንዳየሁት ሁለተኛው ክፍል ላይ ያለችው ጀምበር በእውነቱ በጣም ታምራለች። አድልቼ አይደለም።

ድራማው እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ይታይ ነበር፤ ሰፈርተኛውም አስቴር ሻይ ቤት ተሰብስቦ ያይ ነበር። በአራተኛው ክፍል ገዳዩ ተያዘ። ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ እኛ አገር ታይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ኃይለኛ ዝናብ እየወረደበት ተንበርክኮ አመነ። ሻይ ቤቱ አጨበጨበ። አንዲት የደም ግፊት ያለባቸው እናት ሲስተር ማርታን አገላብጠው ሳሟት። «እንኳን ተገኘልሽ ልጄ። አሁንስ ታርፊያለሽ።» ሌሎችም ተነሥተው ጨበጧት። ከልባቸው ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው ሐንዲሶን በጆሮው የሰማ ሰው ነው። ግን ምን ይደረግ? ሐንዲሶ የጠራው ሰው ነገ ሱቁ ተሄዶ ሚስማር የሚገዛበት ሰው ነው። የቴሌቪዥኑ ገዳይ ግን ባዕድ ነው፤ ደግሞም ታስሯል። እናንተስ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ይሄኔ የሠራተኞቹ ስም በዝግታ መውጣት ጀመረ። ሁላችሁም ያን ጊዜ ወንበር እንደምትገፉ አውቃለሁ፤ እኔ ግን በጉጉት ቆሜያለሁ። «ልዩ ምስጋና» የሚል መጣ። ስሜም መጣ፤ ጥርት ብሎ። «ያውና፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ከአንተ በላይ ያለው ማነው?» አለች ሲስተር ማርታ ከኋላዬ።

ከእኔ በላይ፣ በጎላ ፊደል፣ የቢኒያም ስም ነበር፤ ከነአባቱ። ለመኪናው፣ ለምሳውና ለቀና ትብብሩ።

«ጮክ ብለህ አንብብልኝ መምህር። አንዴ ብቻ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ለተማሪ ጮክ ብዬ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ድምፄም ለዚህ የተመሰከረለት ነው። ሐንዲሶ ብርጭቆውን ያያል። ያ ፖሊስ ሟሙቶ ያለቀ ስኳሩን ያማስላል። ጽሑፉም ለክፋቱ አይቸኩልም፣ እዚያው ቆሟል።

«ፊደሉ አነሰብኝ፣ ሲስተር» አልኳት።

ተነሣች። ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ካርድ ይዛ ተረኛ በምትጠራበት ድምፅ፣ ከነአባቱ፣ ራሷ ጠራችው። ከዚያም ልማዷ ነውና የተጠራው ሰው እስኪነሣ ትንሽ ጠበቀች። ማንም አልተነሣ። አስቴር ሪሞቱን አንሥታ ወደ ኳስ ቀየረችው።

ስትወጣ እኔ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። «ክሊኒክ ና፣ ዓይንህን እናይልሃለን» አለችኝ። «ፊደል ነው የምናስነብበው። ከትልቁ እንጀምራለን።»

እስካሁን አልሄድኩም። መንገድ ላይ ስትመጣ ካየኋት ግን ዓይኔን ጠበብ አድርጌ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ አልፋለሁ፤ ሕመሙ እውነት እንዲመስል። ዘንድሮ ሆሳዕና ውስጥ ዓይኑን አጥብቦ የሚሄደው ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም። የምታውቁት የዓይን ሐኪም ካለ ወደዚህ ላኩልን፤ በሽተኛ አያጣም። የምልክት ሰሌዳውን ግን አጉልቶ እንዳያሠራው ንገሩት፤ ያነበበ ሰው ድኗል ተብሎ እንዳይጠረጠር እንፈራለን።